ከመቃኞው በፊት ምን ነበረ? ስለ ቤተ ክርስቲያን አጀማመር የሚያውቅ ያስረዳኝ

የኮዬዋ · ሰኞ፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ጰራቅሊጦስ ስለደረሰ እንኳን አደረሳችሁ። ጽሑፌ ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

ዕጣ ወጥቶልን ኮዬ ፈጬ ከገባን ስምንት ወር ሆነን። ከዚያ በፊት 26 ዓመት ልደታ አካባቢ ነው የኖርኩት። ልጆቼን ክርስትና ያስነሣሁት እዚያ ነው። እናቴን የቀበርኩትም እዚያ ነው። በበዓል ሌሊት አልጋዬ ላይ ሆኜ የማኅሌቱን ከበሮ እሰማ ነበር።

እዚህ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣ ጭቃውን ተሻግሮ፣ አንዲት የቆርቆሮ መቃኞ፣ ዋናው ሕንጻ እስኪሠራ የሚቀደስባት ጊዜያዊ ቤተ ክርስቲያን፣ አለች። ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ዝናብ ሲጥል የቄሱ ድምፅ አይሰማም። ቆሜ ሳስቀድስ ልቤ የነበረው ልደታ ነው። ስለዚህ እሑድ እሑድ ሁለት ታክሲ ይዤ ወደ ድሮው ደብሬ እሄዳለሁ። ሲደክመኝ ደግሞ ቤቴ እቀራለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አሁን አሁን መቅረቱ በዝቷል።

ባለፈው ሳምንት የብሎካችን እናቶች በሬን አንኳኩ። የጽዋ ማኅበር ሊጀምሩ ነው። በየወሩ በ21 በየተራ ቤታችን እንሰብሰብ አሉኝ። "መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያኑ ይሠራና ይደረሳል" ብዬ መለስኳቸው። አንዷ እናት፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ይመስለኛል፣ ደረጃውን ሊወርዱ ሲሉ ዞር ብለው "ልጄ፣ ሐዋርያት መጀመሪያ ምን ሠሩ?" አሉኝ። ሌላ አልተናገሩም። እኔ ግን እስከ ዛሬ መልስ አጣሁ።

እና ጥያቄዬ ይሄ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስትጀመር ምን ነበራት? የቀደመው ሰው ነው ወይስ ሕንጻ? እኔ እንደሆንኩ በመሃል ቤት ቀረሁ። የድሮው ራቀኝ፣ አዲሱ አልገባልሽ አለኝ።

---

የአብነት ተማሪ · ሰኞ፣ ማታ 4፡05

እኅቴ፣ እኔ ዲያቆን ነኝ። የማገለግለው በቱሉ ዲምቱ በኩል፣ ልክ እንደ እናንተው ባለ መቃኞ ነው። ስለዚህ ጥያቄዎ የእኔም ነው።

መጀመሪያ ቃሉን እንየው። "ቤተ ክርስቲያን" ሲባል ቶሎ ዓይናችን ላይ የሚመጣው ጉልላቱ ነው። በግእዝ ግን "ቤት" ግድግዳና ጣሪያ ብቻ አይደለም። "ቤተ ያዕቆብ"፣ "ቤተ ዳዊት"፣ "ቤተ እስራኤል" ሲባል ማን ነው የተጠራው? ወገኑ ነው፣ ዘሩ ነው። እኛም በየዕለቱ "ቤተ ሰብ" እንላለን፤ ግንብ ማለታችን አይደለም። ቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ የክርስቲያን ወገን ናት። ሐዲስ ኪዳን በተጻፈበት በግሪክኛ ቃሉ "ኤክሌሲያ" ነው። ተጠርቶ የተሰበሰበ ጉባኤ ማለት ነው።

መምህሮቻችን ሦስት ትርጉም ይሰጡናል። የምእመናን ኅብረት ቤተ ክርስቲያን ነው። እያንዳንዱ ክርስቲያንም ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች የእግዚአብሔር ቤተ መቅደስ እንደ ሆናችሁ አታውቁምን ያላቸው ለዚህ ነው። ታቦት ያለበት፣ ቅዳሴ የሚቀደስበት ሕንጻም ቤተ ክርስቲያን ነው። አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል አይቻልም።

ጌታ በፊልጶስ ቂሣርያ አገር ደቀ መዛሙርቱን "እኔን ማን ትሉኛላችሁ?" ብሎ ጠየቀ። ጴጥሮስ መሰከረ። ያን ጊዜ ነው "በዚህችም ዓለት ላይ ቤተ ክርስቲያኔን እሠራለሁ" የተባለው። ልብ ይበሉ፣ "እሠራለሁ" ነው ያለው። ያን ቀን እዚያ ቦታ ድንጋይ የተሸከመ አልነበረም። የመሰከረ ሰው ግን ነበረ።

---

ወለተ ጽዮን · ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡20

እኔ ደግሞ የካ አባዶ ነኝ። በዕጣ ነው የገባሁት፣ እንዳንቺው። ስለዚህ ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 1 ልጀምርልሽ።

ጌታ ካረገ በኋላ ሐዋርያት ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሱ። ሰገነት ላይ ወጥተው በጸሎት ይተጉ ነበር። እመቤታችን አብራቸው ነበረች። ሴቶችም ነበሩ። የተሰበሰበው ሰው 120 ያህል ነበር ይላል። አስቢው፣ የእኛ አንድ ብሎክ ሰው ማለት እኮ ነው! ገንዘብ የላቸውም፣ መሬት የላቸውም፣ ከባለ ሥልጣን የሚያውቃቸው የለም። የይሁዳ ቦታ ክፍት ስለነበረ ዕጣ ጣሉ። ዕጣው ለማትያስ ወጣ። ይህንን ያነበብኩት አባዶ በገባሁ በሦስተኛው ወር ነው። "እዚህ ያመጣኝ ዕጣ ብቻ ነው" እያልኩ የማማርርበት ጊዜ ነበር። አነበብኩትና ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ዕጣም በእግዚአብሔር እጅ ነው ለካ።

ከዚያ በዓለ ሃምሳ፣ ዛሬ ጰራቅሊጦስ የምንለው ቀን፣ ሆነ። አይሁድ የመከሩን በዓል ለማክበር ከየአገሩ ኢየሩሳሌም ገብተዋል። መንፈስ ቅዱስ እንደ ዐውሎ ነፋስ ባለ ድምፅ፣ እንደ እሳት ባሉ ልሳኖች ወረደ። ሕዝቡ ሰክረዋል ሲል ጴጥሮስ ቆመና "ገና ከቀኑ 3 ሰዓት ነው" አላቸው። እኛ ሰዓቱን ለመረዳት መቀነስ መደመር የለብንም። የእነሱ 3 ሰዓት የእኛው 3 ሰዓት ነው። እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የትም ብትሆኚ ይህንን አስቢ።

ቤተ ክርስቲያን ያን ቀን ተጀመረች፤ 3000 ያህል ሰው ተጠመቀ። እና ከጥምቀቱ በኋላ ምን አደረጉ? "በሐዋርያትም ትምህርትና በኅብረት እንጀራውንም በመቁረስ በየጸሎቱም ይተጉ ነበር" ይላል። አራት ነገር ነው። እናትየዋ የጠየቁሽ ይሄንን መሰለኝ። ደግሞ አንድ ነገር አትለፊ። በየቀኑ ወደ ቤተ መቅደሱም ይሄዱ ነበር፣ በየቤታቸውም እንጀራ ይቆርሱ ነበር። ቤተ መቅደሱን ወይስ ቤቱን ብለው አልመረጡም።

---

ታሪክ ጠያቂ · ማክሰኞ፣ ከሰዓት 8፡10

ወለተ ጽዮን በጣም ጥሩ ጽፈሻል። እኔ ግን "ቤተ ክርስቲያን በጰራቅሊጦስ ተጀመረች" ከሚለው ጋር አልስማማም። ነገሩ የቃል ጨዋታ አይደለም፤ ለየኮዬዋ ጥያቄ ይጠቅማል ብዬ ነው የምናገረው።

በእኛ አባቶች ትምህርት የቤተ ክርስቲያን መጀመሪያ ዓለመ መላእክት ነው። ሳጥናኤል "እኔ ነኝ ፈጣሪ" ብሎ መላእክት ሲታወኩ፣ ቅዱስ ገብርኤል "ንቁም በበሕላዌነ እስከ ንረክቦ ለአምላክነ" አላቸው። አምላካችንን እስክናገኘው በያለንበት ጸንተን እንቁም ማለት ነው። የመጀመሪያዋ ማኅበር ይህቺ ናት። ከዚያ ከአቤል ጀምሮ ያሉት ደጋግ አባቶች አሉ። የአብርሃም ድንኳን አለ። ሁሉም የእሷ መንገድ ነው።

ሐዲስ ኪዳንን ብቻ እንኳን ብንይዝ ከጰራቅሊጦስ በፊት ዕለተ ዓርብ አለ። ከጌታ ጎን ደምና ውኃ ፈሰሰ። አዳም ተኝቶ ሳለ ሔዋን ከጎኑ እንደ ተገኘች፣ ቤተ ክርስቲያንም በመስቀል ላይ ካንቀላፋው ከክርስቶስ ጎን ተገኘች ብለው አባቶች ያስተምራሉ። ውኃው ጥምቀታችን፣ ደሙ ቁርባናችን ነው። ጳውሎስም ለኤፌሶን ሽማግሌዎች "በገዛ ደሙ የዋጃትን" ብሎ ነው የተናገረላት።

ለአንቺ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። "በያለንበት እንቁም" የተባለው ሁሉም ግራ በተጋባበት ሰዓት ነው።

---

የአብነት ተማሪ · ማክሰኞ፣ ማታ 1፡30

ታሪክ ጠያቂ እውነቱን ነው። በዓለመ መላእክት ተጀመረች፣ በደሙ ተዋጀች፣ በጰራቅሊጦስ ኃይል ለብሳ አደባባይ ወጣች ብንል ነገሩ ይስማማል። ወለተ ጽዮንም አልተሳሳተችም። ብዙ አባቶች በዓሉን የቤተ ክርስቲያን ልደት ይሉታል።

---

የቡራዩ ልጅ · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡15

ይፈቀድልኝ። እኔ የወንጌላውያን አማኝ ነኝ። ክሩን ሳነበው ዝም ማለት አቃተኝ።

በደርግ ጊዜ እናቴ የምታመልክበት ቤት ታሽጎ ነበር። አምስት ስድስት ሆነው በሰው ቤት ይሰበሰቡ ነበር። አንድ ላይ አይገቡም፣ አንድ ላይ አይወጡም። ረከቦቱ ይቀርባል፣ ቡና ይፈላል፤ ድንገት ሰው ቢመጣ ቡና ሊጠጡ የተጠራሩ ይመስላሉ። መዝሙሩን በሹክሹክታ ነበር የሚዘምሩት። እናቴ ዛሬም ስታወራው "ቤተ ክርስቲያን የተዘጋች ጊዜ" አትልም። "ቤቱ የታሸገ ጊዜ" ነው የምትለው።

መጽሐፉን ሳነብ ይህ ነገር አዲስ እንዳልሆነ ገባኝ። ጵርስቅላና አቂላ ድንኳን ሰፊዎች ነበሩ። ጳውሎስ ወደ ሮም ሲጽፍ በቤታቸው ላለችው ቤተ ክርስቲያን ሰላምታ ይልካል። ፊልሞና ቤትም እንዲሁ ነበረች። ሶርያ ውስጥ ዱራ ኤውሮጳ በምትባል ከተማ በ3ኛው ክፍለ ዘመን መኖሪያ ቤት አድሰው የሚሰበሰቡበት ቦታ በቁፋሮ ተገኝቷል። የጥምቀት ክፍል ነበረው፣ ግድግዳው ላይ ሥዕል አለ። ክርስቲያኖች በሮም ግዛት በነፃነት የማምለክ መብት በሕግ ያገኙት በ313 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። እስከዚያ ድረስ ብዙው ነገር የሆነው በእንደዚህ ዓይነት ቤት ነው።

እኔና እርስዎ ብዙ የምንለያይበት ነገር አለ፤ አውቃለሁ። ግን በርዎን ያንኳኩትን እናቶች ባይመልሷቸው ደስ ይለኛል።

---

አስቀዳሽ · ረቡዕ፣ ጠዋት 12፡50

የቡራዩ ልጅ፣ ስለ እናትህ የጻፍከው ልቤን ነካው። እግዚአብሔር ይባርካቸው። አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር፤ እኅታችን በስሕተት እንዳትረዳ እፈራለሁ።

ቤት መሰብሰብ መልካም ነው፤ ቅዳሴን ግን አይተካም። ጽዋ ቁርባን አይደለም። እነዚያ በየቤቱ የተሰበሰቡ ክርስቲያኖች ሐዋርያት ነበሯቸው፣ ቀሳውስት ነበሯቸው፣ ሥጋውንና ደሙን ይቀበሉ ነበር። ሕንጻ ስላልነበራቸው ሥርዓት አልነበራቸውም ማለት አይደለም።

ሕንጻውንም አንናቀው። ሰኔ 20 እና 21 የምናከብረው ምንድን ነው? በትውፊታችን ጌታ በፊልጵስዩስ በሦስት ድንጋይ በእመቤታችን ስም ቤተ ክርስቲያን ያነጸበት ቀን ነው፤ ማግስቱ ቅዳሴ ቤቷ ነው። ሕንጸት ለእኛ በዓል ነው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ እኅቴ። እኔ ያደግኩት ሰበታ ዳር ነው። መቃኞአችን ከመቃኞነት እስክትወጣ ብዙ ዓመት ፈጀ። እናቶች ከወንዝ ሲመለሱ አንድ አንድ ድንጋይ ይዘው ይመጡ ነበር። ማንም አላዘዛቸውም። ክምሩ እያደገ ሲሄድ እኛ ልጆች እየቆጠርን ነው ያደግነው። ዛሬ ትልቁ ሕንጻ ቆሟል። እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ስጸልይ የማየው ቆርቆሮዋን ነው። መቃኞ መቆያ ጥላ አይደለችም። ታቦት የገባባት ናት። ልደታ የምትቀበይው ሥጋና ደም እዚህም ያው ነው፤ ግማሹ አልመጣም። ታዲያ ሁለት ታክሲ ይዘሽ የምትሄጂው ወዴት ነው? ቅር አይበልሽ። ናፍቆት ኃጢአት አይደለም። ግን በመሠዊያው አጠገብ አልፈሽ ወደ ትዝታሽ እየሄድሽ ይመስለኛል።

---

የኮዬዋ · ረቡዕ፣ ከሰዓት 9፡30

አስቀዳሽ፣ የመጨረሻዋን መስመር ደጋግሜ አነበብኳት። አመመችኝ። እውነት ስለሆነች ነው ያመመችኝ።

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የቡራዩ ልጅ፣ ለእናትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ችግሩ ቆርቆሮው ብቻ አይደለም። ልደታ በር ላይ የሚቀመጡት ነዳያን ሳይቀሩ በስሜ ይጠሩኛል። እዚህ ማንንም አላውቅም። አንዳንዶቹ እናቶች የዚሁ አካባቢ ነባር ገበሬዎች ናቸው፤ የሚነጋገሩት በኦሮምኛ ነው። እኔ ሰላምታውን እንኳን በቅጡ አልችልም። አንድ ላይ ቆመን እናስቀድሳለን፣ ከዚያ በየአቅጣጫው እንበተናለን።

---

ሥርጉት ዘለገጣፎ · ረቡዕ፣ ማታ 2፡00

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስሽ እህቴ።

መንፈስ ቅዱስ ሲወርድ ሕዝቡን ያስደነቀው ምን ነበር? እያንዳንዱ በተወለደበት ቋንቋ ሰማ። የጳርቴ ሰው፣ የግብፅ ሰው፣ የሮም ሰው፣ ዐረቡ። ሁሉም መጀመሪያ አንድ ቋንቋ ይማር አልተባለም። የእግዚአብሔርን ሥራ በየራሱ አፍ ሰማው።

ደስታው ግን ወዲያው ተፈተነ። ምዕራፍ 6ን አንብቢ። የመጀመሪያው የቤት ውስጥ ቅሬታ የተነሣው በምግብ ነው። በቋንቋም ነው። ግሪክኛ የሚናገሩት መበለቶች በየዕለቱ ከሚታደለው ቀለብ ተረሱ ተብሎ ማጉረምረም ሆነ። ሐዋርያት አልተቆጡም። "ዝም በሉ፣ አንድ ነን" አላሉም። ሰባት ሰዎች ምረጡ አሉ። የሰባቱን ስም ተመልከቺ፤ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ እያለ ይሄዳል። ሁሉም የግሪክ ስም ነው! ማጀቱን የተረሱት ወገኖች እጅ ላይ ያስቀመጡት ይመስለኛል። እኔ ይህንን ካነበብኩ በኋላ ዲቁና የሚለው ቃል ሌላ ሆነብኝ።

ያ ቅሬታ ባይፈታ እኛስ የት ነበርን? ከሰባቱ አንዱ ፊልጶስ አይደል በጋዛ መንገድ ሠረገላው ላይ ወጥቶ የህንደኬን ጃንደረባ ያስተማረው? ያጠመቀውስ?

እስጢፋኖስ በድንጋይ ሲወገር ደግሞ ክርስቲያኖቹ ተበተኑ። አንጾኪያ ድረስ የሄዱት የተሰደዱት ናቸው። ለግሪኮች ወንጌልን የተናገሩት ከቆጵሮስና ከቀሬና የመጡ ሰዎች ናቸው ይላል፤ ስማቸው እንኳን አልተጻፈም። ደቀ መዛሙርት መጀመሪያ "ክርስቲያን" የተባሉት በዚያች ከተማ ነው። ስማችን የመጣው ከሰፈራቸው ከተፈናቀሉ ሰዎች ነው።

በእኛ ደብር አንድ ወጣት ዲያቆን አለ። ስብከቱ ሲያልቅ ከዛፉ ሥር ቆሞ በኦሮምኛ ይደግመዋል። መጀመሪያ አራት እናቶች ነበሩ። አሁን ዛፉ አይበቃም። አንዷ ከእነሱ መካከል እጄን ይዘው "አሁን ገባኝ" ያሉኝን እስክሞት አልረሳም።

---

ነጋ ከአያት · ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡40

አጭር ነገር ላክል። ስለ አክሱም ማንም አላነሣም።

ፍሬምናጦስና ወንድሙ ኤዴስዮስ የጢሮስ ልጆች ናቸው። መርከባቸው ተይዞ ሰዎቻቸው ተገድለው፣ እነሱ ተማርከው ነው ቤተ መንግሥት የገቡት። በ5ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያንን ታሪክ የጻፈው ሩፊኖስ ነገሩን የሰማው ከኤዴስዮስ ከራሱ አፍ ነው። ፍሬምናጦስ በቤተ መንግሥት ሥልጣን ሲያገኝ መጀመሪያ ያደረገው ክርስቲያን የሆኑ የሮም ነጋዴዎችን መፈለግ ነበር። የሚጸልዩበት ስፍራ እንዲያዘጋጁ አበረታታቸው። እስክንድርያ ሄዶ በቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ጳጳስ ሆኖ የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ያልነው እሱን ነው። ንጉሥ ዒዛናም ገንዘቡ ላይ መስቀል አስቀረጸ።

ማን ቀደመ? አገራቸው ያልሆነ ከተማ የገቡ ነጋዴዎች ተፈልገው ተሰበሰቡ። ጳጳስና ቁርባን ተከተለ። ሁለቱም አስፈልጓል። አስቀዳሽና የቡራዩ ልጅ የተናገሩት እዚህ ታሪክ ውስጥ አብሮ አለ።

---

የኮዬዋ · ቅዳሜ፣ ከሰዓት 10፡15

ትናንት ማታ ወደ እማማ ቤት ወጣሁ። አራተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት፣ ብቻቸውን። "ይቅር ይበሉኝ፣ ያን ቀን ክፉ መለስኩልዎት" አልኳቸው። "ምን አልሽና ልጄ?" አሉ። ረስተውታል። ወይም እንደረሱ አደረጉ።

ቡና አፍልተው ስንጠጣ ለመሆኑ ወዴት ደብር ነበሩ ብዬ ጠየቅኋቸው። ልደታ አሉኝ! 40 ዓመት። እኔ የምቆምበት የሴቶች በር በኩል ነው የሚቆሙት። ፊታቸውን ሳየው የማውቀው መሰለኝ፤ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ያን ሁሉ ዓመት አንድ በር ገብተን ወጥተን ስማቸውን ያወቅሁት ኮዬ ነው።

ጎረቤታቸው አዴ (ወይዘሮ) ጫልቱ የአካባቢው ነባር ናቸው። መሬታቸው ከዚህ ብሎክ ሥር የነበረ ይመስለኛል፤ እሳቸው ሲያወሩ እንደዚያ ተረዳሁ። መቃኞዋ ስትተከል የመጀመሪያውን ባሕር ዛፍ የሰጡት እሳቸው ናቸው። "በጋ ነጋን ዱፍቴ"፣ እንኳን ደህና መጣሽ ብለው ተቀበሉኝ፣ እኔም ደገምኩት። ሳቁብኝ፣ ግን በፍቅር ነው።

ነገ መቃኞዋ ጋ ነው የማስቀድሰው። ሰኞ ጾመ ሐዋርያት ስለሚገባ፣ ማኅበሩን ለመመሥረት ነገ ከሰዓት እማማ ቤት እንሰበሰባለን። የአብነት ተማሪ፣ የንስሐ አባት ከሌለ ከመቃኞዋ ካህናት አንዱን መጠየቅ እንችላለን አይደል? ድፎውን እኔ ነኝ የምጋግረው። ሊጡ ኩፍ ብሎ እየጠበቀኝ ስለሆነ ልሂድ።

---

የአብነት ተማሪ · ቅዳሜ፣ ማታ 12፡30

በደንብ ይቻላል። ከቅዳሴ በኋላ አስተዳዳሪውን ያነጋግሯቸው፤ ደስ ነው የሚላቸው። ጣሪያውን ያነሡት ነገርም አለ። ክረምቱ ሳይገባ ከቆርቆሮው ሥር ኮምፖንሳቶ ቢመታ የዝናቡ ድምፅ ይቀንሳል። የእኛን እንደዚያ አድርገነዋል። የተረፈን ስድስት ሉክ አለ፤ መኪና ከተገኘ እናመጣዋለን።

---

ዝምተኛው · ቅዳሜ፣ ማታ 3፡50

ይህንን ክር ከሰኞ ጀምሮ እያነበብኩ ነበር፤ አልጻፍኩም። እኔም ኮዬ ፈጬ ነኝ። ከገባሁ ዓመት ሆነኝ፤ ከጥበቃው በቀር የማውቀው ሰው የለም። ፒክአፕ አለኝ። ኮምፖንሳቶውን ነገ ከቅዳሴ በኋላ ማምጣት እችላለሁ። መቃኞዋ ጋ በስንት ሰዓት ላግኛችሁ?

---

የኮዬዋ · ቅዳሜ፣ ማታ 4፡05

ወንድሜ፣ 3 ሰዓት ላይ እዚያ ነኝ። ሴቱ ሁሉ ነጭ ነጠላ ስለሚለብስ እንዳትቸገር፣ ጉብታው ላይ ካለው የባሕር ዛፍ ሥር ከእማማና ከአዴ ጫልቱ ጋር ቆሜ ታገኘኛለህ። ዳቦውም ይደርስሃል።